ደንብ ሲቀንስ ሥራ ይጨምራል? የትኛው ደንብ?

ፔሩ ውስጥ፣ ሊማ ከተማ ዳርቻ፣ አንዲት ትንሽ የልብስ ስፌት ወርክሾፕ ነበረች። ጊዜው 1983 ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ወርክሾፗ ለትርፍ አልተቋቋመችም። ኢኮኖሚስቱ ሄርናንዶ ደ ሶቶና ባልደረቦቹ አንድ ነገር ማወቅ ፈልገው ነው ያቋቋሟት። አንድ ተራ ሰው ሕጉን ጠብቆ ፈቃድ ላውጣ ቢል ስንት ቀን ይፈጅበታል? ወረቀታቸውን ይዘው ከቢሮ ቢሮ ዞሩ። 289 ቀን ፈጀባቸው። መንገድ ላይ 10 ጊዜ ጉቦ ተጠየቁ። ላለመስጠት ወስነው ነበር፤ ግን ሁለት ጊዜ ካልሰጡ ጉዳዩ እዚያው ሊቀር ሆነና ሰጡ።

289 ቀን ዘጠኝ ወር ተኩል ነው። ልጅ ተፀንሶ ይወለዳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ወርክሾፗ በሕጋዊ መንገድ ስንት ሰው መቅጠር ትችል ነበር? አንድም። የእውነት ባለቤት ቢኖራት ኖሮ ወይ ገንዘቡን ጨርሶ ይተዋታል፣ ወይ ተደብቆ ይሠራል። ብዙው የሊማ ሰው የመረጠው መደበቁን ነበር።

"መንግሥት ቁጥጥሩን ይቀንስ፣ የግሉ ዘርፍ ይተንፍስ፣ ሥራው ራሱ ይመጣል" የሚለው ክርክር ጉልበት የሚያገኘው ከእንዲህ ዓይነት ታሪክ ነው። ማዶ የቆመው ሰው ደግሞ "ባለሀብቱ እንደ ልቡ ይፈንጭ ነው የምትሉት?" ይላል። እሱም የራሱ ታሪክ አለው፤ እመለስበታለሁ። እኔን የሚያስቸግረኝ ሁለቱም "ቁጥጥር" የሚሉትን ነገር እንደ አንድ ዕቃ መቁጠራቸው ነው። ቢያንስ ሁለት ነው። አንደኛው በር ነው፤ ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚል። ሌላው ጣሪያ ነው፤ የገቡት ሰዎች ላይ እንዳይወድቅ የተሠራ። በር ሲከፈት ሥራ ይፈጠራል። ጣሪያ ሲነሳ ግን ወጪው ከአንዱ ኪስ ወጥቶ ሌላው ላይ ያርፋል እንጂ አይጠፋም። ፈተናው ሁለቱም ወረቀት ላይ ሲጻፉ መመሳሰላቸው ነው። ሁለቱም "ለሕዝብ ጥቅም ሲባል" ብለው ነው የሚጀምሩት።

መጀመሪያ ግን ሥራ የሚፈጥረው ማን እንደሆነ እንይ። ለረጅም ጊዜ "ሥራ የሚፈጥሩት ትናንሽ ድርጅቶች ናቸው" ሲባል ኖሯል። ጆን ሃልቲዋንገርና ሁለት ባልደረቦቹ የአሜሪካን የድርጅቶች መረጃ አገላብጠው በ2013 ያሳተሙት ጥናት ይህን አባባል አረመው። ዋናው ነገር መጠን ሳይሆን ዕድሜ ነው። አምስት ሠራተኛ ይዞ ሃያ ዓመት የኖረ ድርጅት ነገም አምስት ሠራተኛ ነው የሚኖረው። አዲስ የሚቀጥረው ገና የተከፈተው ነው። ከአዲሶቹ ብዙዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይዘጋሉ፤ የተረፉት ደግሞ በፍጥነት ያድጋሉ። እንግዲህ በሩ ላይ የሚቆም ደንብ የሚነካው በትክክል እነዚህን ነው። ነባሩ ድርጅት ጠበቃም አለው፣ የሚያውቀው ሰውም አለው። ጀማሪው ያለው ትንሽ ገንዘብና ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ወረፋ ላይ ያልቃሉ።

ጉዳቱ ደግሞ አይታይም። ፋብሪካ ሲዘጋ የተባረረው ሠራተኛ ስም አለው፣ ቤተሰብ አለው፣ ካሜራ ፊት ቆሞ ይናገራል። ሳይከፈት በቀረ ድርጅት ውስጥ ሊቀጠር ይችል የነበረው ሰው ግን ሥራ እንዳመለጠው እንኳ አያውቅም። ሰልፍ አይወጣም፣ አቤቱታ አያስገባም። በሩ ተዘግቶ እንዲቆይ የሚፈልገው ወገን ግን ምን እንደሚያጣ አሳምሮ ያውቃል። በየአገሩ ይህን የመሰለ ደንብ ዕድሜው የሚረዝመው፣ እንደሚመስለኝ፣ ከክፋት ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው።

የበር ደንብ ምን እንደሚመስል ለማየት ከአሜሪካ የጭነት መኪኖች የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ከ1980 በፊት ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው የሰው ጭነት በክፍያ ማመላለስ የሚፈልግ ሰው ከአንድ የፌዴራል ኮሚሽን ፈቃድ ማግኘት ነበረበት። መኪናው ደህና ነው ወይ፣ ሾፌሩ መንዳት ይችላል ወይ የሚለው አልነበረም አስቸጋሪው። አመልካቹ አገልግሎቱ ለሕዝብ የሚያስፈልግ መሆኑን ማስረዳት ነበረበት። ከዚያ በዚያው መስመር የሚሠሩት ኩባንያዎች ቀርበው "አያስፈልግም፣ እኛ አለን" ብለው ይቃወማሉ። ከተፎካካሪህ ፊርማ አምጣና ተወዳደር እንደማለት ነው። ፈቃዱ ከተገኘም በየት መንገድ እንደሚኬድና ምን ዓይነት ዕቃ እንደሚጫን ይወስን ነበር። አንድ መኪና ሙሉ ጭኖ ሄዶ፣ ሲመለስ መንገድ ላይ ጭነት እያለ፣ ባዶውን ይመለሳል። ነዳጁን ማን ይከፍላል? ዕቃውን የሚገዛው ሰው።

በ1980 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ይህን የሚያላላ ሕግ ፈረሙ። በአሥር ዓመት ውስጥ ፈቃድ ያላቸው የጭነት ድርጅቶች ቁጥር ከእጥፍ በላይ ሆነ። የማጓጓዣ ዋጋ ወረደ። ኮሚሽኑ ራሱ በ1995 ተዘጋ። ከጭነት መኪኖቹ ሕግ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1978፣ አየር መንገዶቹም ተመሳሳይ ሕግ ወጥቶላቸዋል። እዚያ ደግሞ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከተቋቋመበት ከ1938 ጀምሮ ለአርባ ዓመት በዋና ዋናዎቹ መስመሮች ላይ አንድም አዲስ ትልቅ አየር መንገድ አላስገባም ነበር። አርባ ዓመት!

ደጋፊዎቹ ታሪኩን እዚህ ላይ ይጨርሱታል። እኔ ግን ቀሪውን ልንገራችሁ። በሩ ተዘግቶ በነበረበት ዘመን ኩባንያዎቹ ጥሩ ትርፍ ያገኙ ነበር፤ ከትርፉ ላይ የተወሰነው በጠንካራው የሾፌሮች ማኅበር በኩል ለሾፌሮቹ ይደርስ ነበር። በሩ ሲከፈት ትርፉ ረገፈ፣ አብሮ የሾፌሩ ደሞዝም ወረደ። ስማቸው የገነነ ኩባንያዎች ኪሳራ ላይ ወደቁ። ቀድሞ ውስጥ ለነበሩት ሥራው ከፋ፤ ውጭ ለነበሩት ሥራ ተገኘ፤ ለሸማቹ ዋጋ ረከሰ። አንድ ሰው "ቁጥጥር መቀነስ ሥራ ይፈጥራል" ሲል እውነቱን ነው። ሌላው "ሥራ ያበላሻል" ሲልም አልዋሸም። የሚያወሩት ስለተለያዩ ሰዎች ነው።

አሁን ወደ ቁጥር እንምጣ፤ ምክንያቱም በዚህ ክርክር ውስጥ የሚጋነነው እሱ ነው። ሜክሲኮ በ2002 ፈጣን የንግድ ምዝገባ ጀመረች። ቀድሞ 30 ቀን ገደማ ይፈጅ የነበረው ወደ ሁለት ቀን ወረደ። አሠራሩ በየከተማው በተለያየ ጊዜ ስለተጀመረ የጀመሩትን ካልጀመሩት ጋር ማነጻጸር ተቻለ። ኢኮኖሚስቷ ሚርያም ብሩን ይህን ተጠቅማ ባደረገችው ጥናት የተመዘገቡ ድርጅቶች በ5 በመቶ፣ ተቀጣሪዎች ደግሞ በ2.2 በመቶ መጨመራቸውን አገኘች። 2.2 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ፎርም በማሳጠር ብቻ የተገኘ መሆኑን ስናስብ ግን ቀላል አይደለም። ተአምርም አይደለም።

ከዚህ ጥናት እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ነው። አዲሶቹን ድርጅቶች የከፈቱት ቀድሞ በደሞዝ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ ናቸው። ሳይመዘገቡ ተደብቀው ይሠሩ የነበሩት ግን አልመጡም። "በሩን ብንከፍት የተደበቀው ሁሉ ይወጣል" የሚለው ተስፋ እዚያ አልሠራም። ለምን? መመዝገብ የአንድ ቀን ጣጣ ነው። መመዝገብን ተከትሎ የሚመጣው ግብርና ግዴታ ግን በየወሩ ነው። የተደበቀው ሰው ፎርሙ ስለረዘመበት ብቻ አይደለም የተደበቀው። ነባሮቹ ድርጅቶች ደግሞ በአዲሶቹ ፉክክር ገቢያቸው 3 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ነባር ነጋዴዎች "ምዝገባ ይቅለል" ብለው ለምን እንደማይጮኹ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ፖርቹጋልም በ2005 ድርጅት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ፣ በአንድ መስኮት፣ እንዲመዘገብ አደረገች። ድርጅቶች በርከት ብለው ተከፈቱ፣ ሥራም ተፈጠረ። ግን በዚህ መንገድ የመጡት በአብዛኛው ትናንሽ፣ ቴክኖሎጂ የማይጠቀሙና ቶሎ የሚዘጉ ነበሩ። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። በጣም ጥሩ ሐሳብ ያለው ሰው ወረፋውን ችሎ ያልፋል። ወረፋ የሚመልሰው የሚያመነታውን ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ መግቢያው በር ነው። ከገቡ በኋላም ውስጥ ደረጃ አለ። ፈረንሳይ ውስጥ 50 ሠራተኛ የሞላው ድርጅት ብዙ ተጨማሪ ግዴታ ይመጣበታል፤ ለሠራተኛው ትርፍ ማካፈል አለ፣ የሠራተኞች ምክር ቤቱም ሥልጣን ይሰፋል። እያንዳንዱ ግዴታ ለብቻው ሲታይ ክፋት የለበትም። አንድ ላይ 50ኛው ሰው ላይ ሲወድቁ ግን 50ኛው ሰው በጣም ውድ ይሆናል። ውጤቱ ግራፍ ላይ በዓይን ይታያል፤ 49 ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ክምር ብለው ይቆማሉ፣ ከ50 በኋላ ቁልቁለት ነው። መንግሥት በ2019 ነገሩን አለዘበው። አሁን ከግዴታዎቹ ብዙዎቹ የሚመጡት ድርጅቱ ለአምስት ተከታታይ ዓመታት ከመስመሩ በላይ ከቆየ በኋላ ነው። ጥበቃው አልተሰረዘም፤ ገደሉ ብቻ ዳገት ሆነ። ደንብ መቀነስ ማለት ሁልጊዜ መሰረዝ እንዳልሆነ ለማሳየት ይህን ምሳሌ እወደዋለሁ።

የህንዱ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነበር። ሥራ እንዲበዛ ተብሎ ከ800 በላይ የምርት ዓይነቶች ለትናንሽ አምራቾች ብቻ ተከለሉ። ትልቅ ፋብሪካ እነዚህን ማምረት አይችልም። ሐሳቡ ቀና ነበር፤ ትናንሾቹ ብዙ ሰው ይቀጥራሉ ተብሎ ነው። ግን እንዲህ ስታደርግ ትንሹን "አትደግ" ማለትህ ነው። ካደገ የተከለለለትን ምርት ያጣል። ህንድ ክልከላውን ቀስ በቀስ አንስታ የመጨረሻዎቹን 20 ምርቶች በ2015 ነጻ አደረገች። ተመራማሪዎች ሲያጠኑት፣ ክልከላው በብዛት በተነሳባቸው አካባቢዎች የሥራ ዕድሉም ደሞዙም ከሌሎቹ ፈጥኖ አደገ። ሥራ ለመጠበቅ የወጣው ደንብ ሥራውን ይዞት ነበር ማለት ነው።

ግማሹን ብቻ መክፈትም የራሱ መዘዝ አለው። ስፔን በ1984 አሠሪዎች ሠራተኛን በጊዜያዊ ውል በቀላሉ እንዲቀጥሩ ፈቀደች፤ የቋሚ ሠራተኛውን ጥበቃ ግን እንዳለ ተወችው። ቅጥር ጨመረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሦስት ተቀጣሪ አንዱ ጊዜያዊ ሆኖ ተገኘ። ጊዜያዊውን ቋሚ ማድረግ ውድ ስለሆነ አሠሪው ውሉ ሲያልቅ ያሰናብተውና ሌላ ይቀጥራል። ለሚያሰናብተው ሰው ሥልጠና የሚሰጥ ደግሞ የለም። የ2008 ቀውስ ሲመጣ መጀመሪያ የወደቁት እነሱ ናቸው፤ ሥራ አጥነቱ በ2013 ወደ 26 በመቶ ደረሰ። ቀውሱን ያመጣው ይህ ሕግ ነው ማለቴ አይደለም። ሲመጣ ግን የሚወድቀው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ተወስኖ ነበር።

የሙያ ፈቃድን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል፤ ምክንያቱም በሩና ጣሪያው የሚደባለቁት እዚህ ላይ ነው። ሐኪም ፈቃድ ይኑረው ስንል የሚከራከር የለም። አሜሪካ ውስጥ ግን በ1950ዎቹ ከሃያ ሠራተኛ አንዱ ገደማ ብቻ ነበር የሙያ ፈቃድ የሚያስፈልገው፤ ዛሬ ከአምስቱ አንዱ አልፏል። ከነዚህ ውስጥ ሹሩባ የሚሠሩ ሴቶች ነበሩበት። በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች የብዙ መቶ ሰዓት የውበት ትምህርት ተምራችሁ ኑ ተብለዋል። ትምህርቱ ስለ ሹሩባ ከሞላ ጎደል ምንም አያስተምርም ነበር። ይህ ከምን ይከላከላል? ከውድድር።

ጀርመን ግን ቸኩሎ መክፈትም እንደሚያጸጽት አሳይታለች። በ2004 ከ94 የእጅ ሙያዎች በ53ቱ ላይ ድርጅት ለመክፈት ያስፈልግ የነበረውን የዋና ባለሙያነት (ማይስተር) ማዕረግ ሰረዘች። ሴራሚክ አንጣፊዎች ለምሳሌ በገፍ ድርጅት ከፈቱ። አብዛኛው ድርጅት ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ባለቤቱ ራሱ። ለማጅ ተቀብሎ የሚያሠለጥን እየጠፋ ሄደ። በ2020 ከ53ቱ አሥራ ሁለቱ ተመልሰው ማዕረግ እንዲያስፈልጋቸው ተደረገ፤ ሴራሚክ ማንጠፍም አለበት። በሩ ሥልጠናውንም ደግፎ ይዞ ኖሯል። ሲነቀል ነው የታየው።

ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት የማዶው ሰው ታሪክ ደግሞ እነሆ። ኤፕሪል 24 ቀን 2013፣ ባንግላዴሽ፣ ዳካ አጠገብ። ራና ፕላዛ የሚባል ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተደረመሰ። ውስጡ የልብስ ፋብሪካዎች ነበሩ። 1,134 ሰው ሞተ። ላይኛዎቹ ፎቆች ያለ ትክክለኛ ፈቃድ የተጨመሩ ናቸው፤ ሕንፃውም የተሠራው ለሱቅና ለቢሮ እንጂ ከባድ ማሽን ለሚሸከም ፋብሪካ አልነበረም። ከመውደቁ አንድ ቀን በፊት ግድግዳው ተሰንጥቆ ታይቷል። ባንክና ሱቆቹ ዘጉ። የስፌት ሠራተኞቹ ግን በማግስቱ ግቡ ተባሉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ባንግላዴሽ የሕንፃ ሕግ ነበራት። የጎደላት የሚያስፈጽም ነው። ብዙ ደንብና ጥቂት ተቆጣጣሪ ባለበት አገር ተቆጣጣሪው ሁሉንም ማየት ስለማይችል የሚያየውን ራሱ ይመርጣል። ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ደግሞ ቀላሉን ነው፤ ማኅተም የሌለውን ወረቀት። ከአደጋው በኋላ ዓለም አቀፍ የልብስ ብራንዶችና የሠራተኛ ማኅበራት ፋብሪካዎቹን የሚያስፈትሽ አስገዳጅ ስምምነት ፈረሙ። የማይረባውን ደንብ መቀነስ ለሚረባው ጊዜና ሰው ይለቃል የሚለው ሐሳብ ለእኔ ከሁሉም የሚያሳምነው ክርክር ነው። ቁጥጥር ይቀነስ የሚለውና ቁጥጥር ይጥበቅ የሚለው ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ የሚችሉት እዚህ ጋ ብቻ ይመስለኛል።

85 አገሮችን ያነጻጸረ በ2002 የታተመ ታዋቂ ጥናት አለ፤ ሲሜዮን ጃንኮቭና ሦስት ባልደረቦቹ የሠሩት። መግቢያው የከበደባቸው አገሮች የተሻለ የዕቃ ጥራት ወይም የበለጠ ንጹህ አካባቢ አልተገኘባቸውም። የተገኘባቸው የበለጠ ሙስናና የበለጠ ድብቅ ኢኮኖሚ ነው።

ታዲያ እንዴት ይቀነሳል? የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2001 መቁጠር ጀመረች። ሕጎቹን ሳይሆን በሕጎቹ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን "ይህን አድርግ፣ ይህን ሙላ" የሚል ግዴታ ነው የቆጠረችው። ከ300 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ሦስተኛውን ለማንሳት ተነሥታ ከዚያም በላይ አነሳች። የመቁጠር ጥሩነቱ መሥሪያ ቤት ሁሉ ተጠያቂ መሆኑ ነው። መጥፎነቱ ደግሞ ቆጠራ የእሳት አደጋ መውጫንና ሦስት ኮፒ ፎርምን እኩል አንድ፣ አንድ ብሎ መቁጠሩ ነው። "500 ደንብ ሰረዝን" የሚል ዜና ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው የትኞቹን የሚለውን ነው።

ከዘዴዎቹ ሁሉ እኔ የምወደው ዝምታን እንደ ፈቃድ መቁጠር የሚባለውን ነው። መሥሪያ ቤቱ በተቀመጠለት ቀን ካልመለሰ ፈቃዱ እንደተሰጠ ይቆጠራል። የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ባወጣው የአገልግሎት ዘርፍ መመሪያ ውስጥ ይህን አስገብቶታል፤ የሕዝብ ጥቅምን የሚነኩ ጉዳዮችን ግን ለይቶ። "ነገ ተመለስ" ማለት ለመጀመሪያ ጊዜ ለአመልካቹ ሳይሆን ለቢሮው ያስፈራል። የኬሚካል ፋብሪካን በዝምታ መፍቀድ እብደት ነው። የጽሕፈት መሣሪያ መደብርን በዝምታ መፍቀድ ግን ማንንም አይጎዳም።

ደንብ ተነሥቶም ሥራ ላይመጣ ይችላል። መብራት የሚቆራረጥበት፣ ብድር የማይገኝበት፣ ገዢ የሌለበት ቦታ ላይ ፈቃድ በአንድ ሰዓት ቢወጣ ዋጋ የለውም። ከጥብቅ ደንብ ይልቅ በየስድስት ወሩ የሚቀያየር ደንብም ይብሳል። ጥብቁን ነጋዴው አስልቶ ዋጋው ውስጥ ያስገባዋል። የሚቀያየረውን ማስላት ስለማይቻል ቅጥሩን ያዘገያል።

ልኬቱ ራሱም ወጥመድ አለው። የዓለም ባንክ ከ2003 ጀምሮ የአገሮችን የንግድ አሠራር ቅለት የሚለካ ሪፖርት ያወጣ ነበር፤ በኋላም አገሮቹን በደረጃ ማስቀመጥ ጀመረ። ደረጃው ታዋቂ ሲሆን መንግሥታት እንደ ተማሪ ለፈተናው ብቻ ማጥናት ጀመሩ፤ የሚለካውን ወረቀት አሳጥሮ የማይለካውን እንዳለ መተው። መረጃው ላይ መዛባት ተገኝቶ በ2021 ሪፖርቱ ተቋረጠ። ተተኪው በ2024 ሲወጣ በ50 አገሮች ነው የጀመረው። አሁን ደንቡ ወረቀት ላይ ምን እንደሚል ብቻ ሳይሆን ድርጅቶቹ በተግባር ምን እንደገጠማቸውም ይጠይቃል። የሠራተኛው ጥበቃም ከሚመዘኑት ነገሮች ውስጥ ገብቷል።